ቀጥ ብሎ የቀረው ሰው

ባሌ ቀናተኛ ነው። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ሴቶቹ በእኔ የሚቀና ይመስላቸውና «ታድለሽ!» ይሉኛል። በእኔ ቀንቶ ቢያውቅማ ምን ነበረበት! አንድ ቀን ባለሥጋ ቤቱ፣ ባሌ አጠገቤ ቆሞ እያለ፣ «የእርስዎ ዓይን እንዴት ነው የሚያምረው!» ቢለኝ፣ ባሌ ቀበል አድርጎ «ብርሃኑ ከጎን ስለመጣ ነው» አለው። ሰውዬው ኩም አለ። እኔም ሥጋዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤቴ።

የሚቀናው በሙያ ነው። ምቀኛ ግን እንዳትሉብኝ። ምቀኛ «የአንተ ይጥፋ» የሚል ነው፤ ቀናተኛ ግን «ምነው ለእኔም በሆነ» ብሎ አንጀቱ የሚያር። ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሁለተኛው ነው። አንድ ቀን ብቻ ወደ መጀመሪያው ሊሻገር ሲል በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ የማወራውም ስለዚያው ነው።

ፎቶ አንሺ ነው። ፎቶ ቤታችን ከመኖሪያችን ጋር በአንድ በር የምትገናኝ ክፍል ናት። በመንገዱ በኩል ፎቶ የሚሰቀልበት መስኮት አላት፣ መሃሏ ላይ ሰማያዊ መጋረጃና ክብ በርጩማ፣ ከኋላዋ ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል። የሰፈሩ ሰው ጉርድ ፎቶውንም፣ ሠርጉንም፣ የልጁን ምርቃትም የተነሣው እዚያ በርጩማ ላይ ወይም እዚያ በርጩማ አጠገብ ነው። ባሌ ሲያነሳ ግራ እጁን ወደ ላይ ያወጣና «ቀጥ በሉ!» ይላል። እጁ እስኪወርድ ድረስ የሚተነፍስ የለም። የሕፃን ልቅሶ እንኳ ለዚያች አፍታ ቀጥ ሲል አይቻለሁ። ስለዚህ ስሙ ጠፍቶ «ጋሽ ቀጥበል» ሆኖ ቀረ። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲያገኙት ደርቀው ይቆሙለታል፤ እሱም የተከበረ እየመሰለው ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል።

የእኔ ሥራ ነጠብጣብ ማጥፋት ነው። ፎቶ ሲታተም፣ አቧራ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ያንን በቀጭን ብሩሽና በቀለም እየሞላሁ ከዙሪያው ጋር አንድ አደርገዋለሁ። እጄ ፎቶውን እንዳይነካ ንጹሕ ወረቀት መሃሉን በስቼ እዘረጋበታለሁ፤ በቀዳዳዋ በኩል የምትታየኝ አውራ ጣት የምታክል ቦታ ብቻ ናት። የሙሽራዋ አፍንጫ ይሁን የአማትየዋ ጫማ ሳላውቅ አጽድቼ ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ባሌ «አንቺ እኮ ሰውን ሳታዪው ነው የምታሳምሪው» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው።

ታናሽ ወንድሜ ያደገው እኛ ቤት ነው። እናታችን ስታርፍ አመጣሁት፤ ባሌም ሙያውን አንድ ሳያስቀር አስተማረው። ሲያነሳ ግራ እጁን ማውጣትን ሳይቀር። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን ሰው ማንሳት ቶሎ ሰለቸው። «ሰው ያወራል» ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው የሚያዩበት ትልቅ የድሮ ካሜራ ከየት እንዳመጣው እንጃ አምጥቶ፣ ሕንጻ ማንሳት ጀመረ። ደረጃ፣ ዓምድ፣ በረንዳ፣ ግድግዳ ላይ ያረፈ የመስኮት ጥላ። አንድም ሰው የለበትም። ባሌ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሰዎች ያንን ፎቶ እየገዙ ሳሎናቸው ውስጥ መስቀል ሲጀምሩ ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

ይባስ ብሎ ጥርስ ሐኪሟ መጡ። ጡረታ የወጡ፣ ሥዕልና ፎቶ እየሰበሰቡ የሚኖሩ፣ ቤታቸው ግድግዳ አልበቃ ብሎት በር ላይ የሚሰቅሉ ሴት ናቸው። የመጡት ለጉርድ ፎቶ ነበር። ከበርጩማው ሲነሱ ባሌን፣ «ያ ሕንጻ የሚያነሳው ልጅ እዚህ ነው የተማረ የሚባለው እውነት ነው?» አሉት።

«ነው» አለ፤ አንገቱ በአንድ ጣት ያህል ረዘመ።

«የእሱ አንድ ደረጃ አለኝ። ሳሎኔ ውስጥ።»

«ደረጃ?»

«የደረጃ ፎቶ።»

«ደረጃው የማን ቤት ነው?»

«እኔ እንጃ።»

«ደረጃው ላይ ማን አለ?»

«ማንም።»

ባሌ ወደ እኔ ዞረ፤ እኔ ወደ ብሩሼ አቀረቀርኩ። «ታዲያ ምን ያደርግልዎታል?» አላቸው።

«አየዋለሁ» አሉ። ከዚያ ስለ ልጃቸው እንደሚያወሩ ሁሉ ደስ እያላቸው ቀጠሉ፦ ከአንዱ ፎቶ ከሰባት በላይ አይታተምም፤ ሰባቱ ሲያልቁ ፊልሙ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ጀርባው ላይ በእርሳስ ተቆጥሮበታል፤ የእሳቸው ሦስተኛው ነው። «ሰባቱም አንድ መሆን አለባቸው። በነጥብ እንኳ አንዱ ከሌላው ቢለይ የሚሰበስብ ሰው አይነካውም።»

ጥርስ ሐኪሟ እንደወጡ ባሌ በርጩማው ላይ ቁጭ አለ። እዚያ ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም። «ሰባት!» አለ። «እኔ ለአንድ ፊት ስምንት ጉርድ ነው የማወጣው!» ሊያስቀኝ መስሎኝ ቀና ስል ዓይኑ ቀልቷል። «ሠላሳ ዓመት ሰው የራሱን ፊት ነው የገዛኝ። የራሱን፣ የእናቱን፣ የልጁን። እሱ ራሱ የሌለበትን ፎቶ ‹ይሄ የእሱ ሥራ ነው› ብሎ ከእኔ ወስዶ የሰቀለ አንድ ሰው ጥሪልኝ እስቲ። አንድ!»

ፈለግኩ። አላገኘሁለትም።

ከዚያ በኋላ ቤቴ ቤት አልሆነም። መንገድ ላይ ዓምድ ያለው ሕንጻ ካየ መንገድ ይቀይራል። ባንክ ቤት ሄዶ፣ የወንድሜ ፎቶ እዚያ ተሰቅሎ ስላገኘው፣ የሄደበትን ሳይጨርስ ተመለሰ። አንድ ሰሞን ደግሞ እሱም ካሜራውን አንጠልጥሎ ሕንጻ ሊያነሳ ወጣ። ያነሳው ሕንጻ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ያዘመመ፣ ደጁ ላይ የቆመ ሁሉ በኩራት ካሜራውን የሚያይ ነበር፤ ምን ያድርግ፣ ሰው ካየ ማስተካከል ይወዳል። ጥሩ የመሰለውን አንዱን አሳትሞ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ሳምንት ሳይሞላ አንድ መንገደኛ ገባና «ይሄ ቤት ስንት ክፍል አለው? የሚከራይ ነው አይደል?» አለን። ባሌ ፎቶውን አወረደው። ያን ቀን ራት አልበላም።

የመጨረሻው ግን አክስታችን ቤት ምሳ ተጠርተን የሆነው ነው። ዘመድ ሁሉ ወንድሜን ከቦ ስለ ፎቶዎቹ ይጠይቀዋል። ባሌን የጨው ዕቃ ሲያቀብል ካልሆነ ያየው የለም። ድንገት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ግድግዳ ዓይኑን አይጨፍን፣ አያስነጥስ፣ ‹ወፍራም አስመሰልከኝ› ብሎ አያኮርፍ። እሱን ማንሳት ደግሞ ሙያ ሆኖ!» አለ።

ወንድሜም ሳያስብበት፣ እየሳቀ፣ «ጋሼ፣ አንተም እኮ ሰዉ ሁሉ እንደ ግድግዳ እንዲቆምልህ ነው የምትጮኸው። እኔ ቀድሞ የቆመውን አነሳሁ፤ አለቀ» አለው።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ካመለጠኝ በኋላ አፌን ብይዝ ምን ዋጋ አለው። ባሌ ሳህኑን አስቀምጦ ተነሣ። ቤት ስንደርስ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከዛሬ ጀምሮ እሱ በገባበት በር እኔ እወጣለሁ።»

ያለኝ ባል አንድ፣ ያለኝ ወንድም አንድ። ሁለቱን ይዤ እንዴት እንደምኖር ጨነቀኝ። ወንድሜን መንገድ ላይ፣ ገበያ ውስጥ፣ እንደ ሰው ሚስት ተደብቄ ማግኘት ጀመርኩ። «ጋሼ ይምጣና ይቅርታ ልበለው» ይለኛል። ባሌ ደግሞ ስሙን ስጠራ ጨለማ ክፍል ገብቶ በሩን ይዘጋል። ጨለማ ክፍል ሥራ ላይ ሲዘጋ አይከፈትም፤ ስለዚህ ማን ደፍሮ ያንኳኳል።

እንዲህ እያለን አንድ እሑድ ጠዋት ደንበኛ መጥቶ፣ ወንድሜ ከድሮው ፖስታ ቤት ፊት ካሜራውን ተክሎ እንዳየው ነገረን። ፖስታ ቤቱ ቅስት በቅስት የሆነ፣ ሰፊ አደባባይ ፊቱ የተዘረጋ፣ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈበት አሮጌ ሕንጻ ነው። ሊታደስ ነው ሲባል ሰምተናል። ባሌ ሰማና ግራጫ ኮቱን ለበሰ።

«ወዴት?» አልኩት።

«ወረቀት ልገዛ።»

እሑድ የትኛው ወረቀት ሻጭ ነው የሚከፍተው? ነጭ ሻርፔን ጣል አድርጌ ተከተልኩት። አደባባዩ ዳር ስደርስበት፣ ከአንድ ዛፍ ሥር ቆሞ ወንድሜን ያያል። ወንድሜ በወዲያኛው ጫፍ ጥቁር ጨርቁ ውስጥ ገብቷል። አደባባዩ በሰው ተሞልቷል፤ የሚሻገረው፣ የሚሮጠው፣ ዕቃ የሚጎትተው።

«ይህን ሁሉ ሰው የት ሊያደርገው ነው?» አለ ባሌ ለራሱ። ከዚያ ፊቱ ላይ የማላውቀው ነገር መጣ። «ሊያነሳ ሲል ፊቱ ላይ እሄድበታለሁ።»

«ምን ልትሆን?»

«መንገድ ነው፤ የሁሉም ነው። ልሻገር ነው።»

«አንተ ሰውዬ፣ ፎቶውን ልታበላሽበት?»

ጥሎኝ ሄደ። ያቺ ናት ከቀናተኛ ወደ ምቀኛ የተሻገረባት መንገድ። ሠላሳ ዓመት ሰው በካሜራው ፊት ሲያልፍበት የሚሳደብ ሰው፣ ሆን ብሎ ሊያልፍ እየተጣደፈ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። ከኋላው እሮጣለሁ፤ እሱ ወደ አደባባዩ መሃል ይገሰግሳል።

ልክ መሃሉ ላይ ሲደርስ ወንድሜ ከጨርቁ ወጣ። በቀኝ እጁ የሌንሱን ክዳን ያዘ። ግራ እጁን ወደ ላይ አወጣ።

ባሌ ቀጥ አለ።

እውነቴን ነው። እግሩ ከመሬት እንደተነሣ ተመልሶ ቦታው ላይ አረፈ፣ እጆቹ ከጎኑ ተሰበሰቡ፣ አገጩ ቀና አለ፣ ትንፋሹ ቆመ። ዕድሜውን ሙሉ ሌላውን ያዘዘበት እጅ ሲወጣ እሱ ራሱ ታዘዘ። ደረስኩበትና እጅጌውን ያዝኩ።

«ና እንሂድ! ሰው ያየናል!»

በጥርሱ መሃል፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ፣ «እጁን አላወረደም» አለኝ።

በቀኝ ጎተትኩት፣ በግራ ዞሬ ገፋሁት፣ ለመንኩት፣ ቆነጠጥኩት። ሻርፔ ከራሴ ወርዶ ይወዛወዛል። ሰውዬው ግንድ ሆኗል። ወንድሜ ያወጣው ግራ እጅ ላይ ሰዓቱን አስሮ፣ ዓይኑን ከሰዓቱ አይነቅልም፤ እኛን አላየም። እጁ የሚወርድ አልመስል አለኝ። በመጨረሻ ወረደ፤ ሌንሱም ተከደነ። ባሌ አየር ስቦ እንደነቃ ሰው ዙሪያውን አየና ፊቱ ቀላ። ከዚያ በኋላማ እግሬ አውጪኝ ነው። እኔ ከኋላው።

መንገድ ላይ ነገሩን አሰበበት፤ ሙያው አይደል። «ሌንሱን ከፍቶ ነው የቆየው» አለ። «ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት ገጥሞበታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ የሚሄድ ሰው ፊልሙ ላይ አይዝም፤ ሁሉም ይጠፋል። ለካ ሰዉን እንዲህ ነው የሚያጠፋው! የቆመ ብቻ ይቀራል።» ትንሽ ሄደና «እኔ ቆሜያለሁ። መሃሉ ላይ አለሁበት። አበላሽቼበታለሁ» አለ። ደስ ያለው ይመስላል፤ ደግሞ ያላለው ይመስላል። እኔስ እዚያው አልነበርኩም ወይ? አልጠየቅኩትም፤ እሱም አላነሳው።

ከዚያ ወዲህ ያ ፎቶ ተቀድዶ ተጥሏል ብለን ሁለታችንም አመንን። እሱ ሲተክዝ ይውላል፤ እኔ የወንድሜን ዓይን ማየት አፈርኩ።

አንድ ቀን ባሌ ሠርግ ሊያነሳ እንደወጣ ወንድሜ በጓሮ በር መጣ። ትልቅ ፎቶ በካርቶን መሃል አድርጎ፣ በወረቀት ሸፍኖ ይዟል። ኤግዚቢሽን ሊከፍት ነው፤ ነጥብ የሚያጠፋለት ሌላ ሰው ፎቶውን አጨቀየበት። «እታለም፣ እጅሽ ካልነካው አይሆንም። ዛሬውኑ» አለኝ። እምቢ እንዳልል ወንድሜ ነው፤ እሺ እንዳልል ባሌ ቢደርስብኝ ጉድ ይፈላል። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣ የበሳሁትን ወረቀት አልብሼ፣ ጆሮዬን በር ላይ አድርጌ ሠራሁ። ሰማይ ላይ የነበረውን ነጥብ አጠፋሁ። ቅስት ነው መሰለኝ፣ ከቅስት ላይም አጠፋሁ። ወደ ታች ስወርድ ጥቁር ድንጋይ ንጣፍ መጣ፤ ከአንድ እጅጌ አጠገብ ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ተዘርግቷል። ነጥብ አይደለም፤ በደንብ ያልታጠበ ፎቶ ላይ የሚወጣ እድፍ መሰለኝ። ‹ሐሳቡ የት ሄዶ ነው ይሄ ልጅ ሲያጥበው› ብዬ እያጉረመረምኩ ጥቁሩን ቀለም በጥቂት በጥቂቱ አለበስኩት። ድንጋዩን እንኳ አንድ በአንድ ሣልኩለት። እንደዚያ ቀን አምሮልኝ አያውቅም። ሸፍኜ መለስኩለት፤ ሙሉውን ገልጬ አላየሁም።

ወንድሜ ለኤግዚቢሽኑ የጥሪ ካርድ ላከልን። ባሌ «አልሄድም» አለ። በዕለቱ ከሰዓት በኋላ ግን ጫማውን ሲወለውል አገኘሁት።

«ምን ልታይ ነው?»

«የሌለውን» አለኝ። ለካ የፖስታ ቤቱ ፎቶ እንደማይኖር ዓይቶ ሊረጋጋ ነው። አይጣል ነው ቅናት! እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ለምንም ይሂድ፣ ወንድሜ ያለበት ክፍል ሊገባ ነው።

ገባን። ነጭ ግድግዳ፣ ብዙ ሰው፣ ዝግ ያለ ወሬ። በስተመጨረሻ ባለው ግድግዳ ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ፎቶ ተሰቅሏል፤ ሰዉም እሱ ፊት ነው የተሰበሰበው። ፖስታ ቤቱ ነው። ቅስቶቹ፣ ሰማዩ፣ ያ ሰፊ ጥቁር አደባባይ። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም የለም። መሃሉ ላይ ግን ግራጫ ኮት የለበሰ አንድ ሰው፣ እጆቹን ከጎኑ ሰብስቦ፣ አገጩን ቀና አድርጎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

ጥርስ ሐኪሟ አጠገቡ ቆመው ለሰው ያስረዳሉ፦ «ሕንጻ ከእሱ ብዙ አይቻለሁ። ይሄ ሰውዬ ባይኖር ግን ይሄም ሕንጻ ነበር። እዩት እስቲ፤ ዓለም ሁሉ ጥሎት የሄደ አይመስልም?»

ባሌ አጠገባቸው ሄደና «እኔ ነኝ» አላቸው።

ጥርስ ሐኪሟ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ቅድምም አንድ ሰውዬ እኔ ነኝ ብለውኛል» አሉ።

ባሌ ክርክር አልገጠመም። ከፎቶው ጎን ሄደ፣ ፊቱን ወደ ሰዉ አዞረ፣ እጆቹን ሰበሰበ፣ አገጩን ቀና አደረገ፣ ትንፋሹን ዋጠ።  አንዱ ፎቶውን አየ፣ እሱን አየ፣ መልሶ ፎቶውን አየ። ጥርስ ሐኪሟ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ወንድሜ ሰዉን ገፋ ገፋ አድርጎ መጣ። «ጋሼ» አለ።

«ላበላሽብህ ነበር የመጣሁት» አለ ባሌ፣ አሁንም ቀጥ ብሎ።

«ገምቻለሁ። ፊልሙን ሳጥብ መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። አደባባይ ሙሉ ሰው እያለ እጄ እስኪወርድ መቆም የሚችል ከአንተ በቀር ማን አለ?» አንገቱ ላይ ተጠመጠመ። ባሌ እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ቆየና ጀርባውን መታ መታ አደረገለት። ወንድሜም ባሌም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ በር ገብተው። የለመንኩት ይሄንኑ ነበር፤ እልል ማለት ይገባኝ ነበር።

እኔ ግን ፎቶውን አያለሁ። የባሌን ግራ እጅጌ አየሁ። ከአጠገቡ ያለውን ድንጋይ አየሁ። ንጹሕ ነው። አንድ በአንድ የተሣለ፣ የሚያምር ጥቁር ድንጋይ።

«እዚህ ጋ ምን ነበር?» አልኩት ወንድሜን። እያወቅኩ ነው የጠየቅኩት።

«ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ነበረበት። አንቺ አጠፋሽው። እጅሽ ይባረክ፣ እዚያ እንደነበረ ማን ያውቃል?»

ባሌ በሰው ተከቧል። አንዷ ልጅ ፊርማ እየጠየቀችው ነው። እየሳቀ «ቀጥ ማለት ቀላል እንዳይመስላችሁ» ይላል። እኔም በዚያው አደባባይ ነበርኩ። የሮጥኩት እኔ፣ የለመንኩት እኔ፣ ሁለቱ እንዳይጠፋፉ የጎተትኩት እኔ። አንዱ ፎቶውን አነሳ፣ አንዱ ፎቶው ላይ ቀረ፣ እኔ በገዛ እጄ ራሴን ጠርጌ ወጣሁ። ሠላሳ ዓመት ባሌ ላይ የሳቅኩበት ነገር በእኔው ደረሰ። ቀናሁ። በባሌ ቀናሁ፣ በወንድሜ ቀናሁ፣ ፊርማ በምትጠይቀው ልጅ ሳይቀር ቀናሁ። ቅናት እንደዚህ እንደሚያቃጥል ባውቅ ያን ቀን አክስቴ ቤት አልስቅም ነበር።

የቀሩትን ስድስት ወንድሜ አትሞ አመጣልን፤ አሁን በፊት በር። ሰባቱ አንድ መሆን አለባቸው፤ የመጀመሪያው ያለ ጭሱ ወጥቷል፤ ስለዚህ ስድስቱ ላይ ያለውን ጭስ የማጠፋው እኔው ነኝ። ወንድሜ ነገሩን ስነግረው ክው ብሎ ቀረ፤ ጭሱን ልተወው ቢል ግን ገዢዎቹ አይቀበሉትም። «ተወው፣ ሥራዬ ነው» አልኩት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት። ሆዴ ሌላ ነው የሚለው።

አምስቱን አጠፋሁ። የመጨረሻውን ይዤ ቁጭ እንዳልኩ ባሌ መጣና የበሳሁትን ወረቀት አነሳው። ማጉያ መስታወቱን ዓይኑ ላይ አድርጎ ጭሱን ረጅም ጊዜ አየው።

«ይሄ ሻርፕሽ ነው» አለ።

«ነው።»

«ምነው ታዲያ ቀጥ አላልሽም?»

«አንተን እየጎተትኩ እንዴት አድርጌ ቀጥ ልበል?»

 ማጉያውን አስቀመጠ። ብሩሹን ከእጄ ወሰደና ጠረጴዛው ላይ አጋደመው። ክንዴን ይዞ ወደ ሰማያዊው መጋረጃ ወሰደኝ።

«ተቀመጪ።»

«በሥራ ልብሴ?»

«ተቀመጪ አልኩሽ።»

በዚያ በርጩማ ላይ አገር ሁሉ ሲቀመጥ አንድ ቀን ለእኔ ተራ ደርሶኝ አያውቅም። ሠርጋችንን እንኳ ያነሳው ሌላ ሰው ነው፤ ደብዝዟል። እጄን የት እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ቀለም የነካውን ጣቴን ጉልበቴ ላይ ደበቅኩት። «አትደብቂው» አለኝ። ከዚያ ግራ እጁን አወጣ። «ቀጥ በይ» የሚለውን ጠበቅኩ፤ አላለም። ዝም ብሎ አየኝ፤ እጁንም ቶሎ አላወረደም።

ስድስተኛውን በማግስቱ አጠፋሁት። በሰባቱም ላይ የለሁም።

የእኔን ፎቶ በትልቁ አትሞ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ይቆማል። አንድ ቀን ጥርስ ሐኪሟ ሲያልፉ አዩት፤ አለፉ፤ ተመልሰው መጡ። ገብተውም ባንኮኒው ላይ ተደግፈው «ይሄ ይሸጣል?» አሉ።

እኔ ትንፋሼን ያዝኩ። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ጥያቄ ናት፤ ራሳቸው የሌሉበትን ፎቶ፣ ለፎቶው ብለው ሊወስዱ።

«አይሸጥም» አለ።

«ስንት ነው የሚታተመው? አንዱን ልያዝ።»

«አንድ። ፊልሙን ቆርጬዋለሁ።»

ለመኑት፤ ፍንክች አላለም። ሲወጡ በር ድረስ ሸኛቸውና ተመልሶ ፎቶውን ከመስኮቱ አወረደው። ወደ ውስጥ፣ ወደ መኝታ ክፍላችን ይዞት ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆሜ «ወዴት ነው የምትወስደው?» አልኩት።

«ሰው አፈጠጠበት» አለኝ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

በፎቶዬ ቀንቶ! እኔ ራሴ ግን እዚያው ፊቱ ቆሜያለሁ።